ካርታው በማን እጅ ይቀራል? ለባሕርና ለሐይቅ ጠባቂ ማኅበረሰቦች የዲጂታል ካርታ መሣሪያ አመራረጥ

ነባር ሕዝቦች ራሳቸው በሚመሩት የባሕር ሀብት ጥበቃ ውስጥ የሚያገለግሉ የዲጂታል ካርታ መሣሪያዎች ባለፉት ሃያ ዓመታት በቁጥርም በዓይነትም በዝተዋል። አብዛኞቹ የተሠሩት ወይም ሥራ ላይ የዋሉት ከእኛ በጣም በራቁ ቦታዎች ነው፤ በካናዳ ጠረፍ፣ በሃድሰን ወሽመጥ በረዶ ላይ፣ በካሪቢያን ደሴቶች፣ አንዳንዶቹም ከባሕር ርቀው በአማዞን ደን ውስጥ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከሰበታ ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ በአካባቢያችን የሚወርደው የአቃቂ ውኃ እንኳ አባ ሳሙኤል ገብቶ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀልና፣ አዋሽ አፋር ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ስለሚቀር ባሕር ሳያይ ያልቃል። ቢሆንም ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው ሰበታ በመሆኑ፣ በዚህ ከተማና በዓለም ገና ዙሪያ ከዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ጋር የሚሠሩ ወይም ለመሥራት የሚዘጋጁ ወጣቶች አይጠፉም። የሚያነሡት ጥያቄም ከካናዳው ወይም ከፊጂው እምብዛም አይለይም፤ በዝዋይ ደሴቶች የኖሩት ዛዮች፣ ወይም በጣና ዳር የደንገል ታንኳ እየሠሩ የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ስለ ውኃቸው የሚያውቁትን ካርታ ላይ ለማስፈር የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ለዚህ አንድ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም በአንድ ስም “የካርታ መሣሪያ” ብለን የምንጠራቸው ነገሮች ሥራቸው የተለያየ ነው። አንዱ ሜዳ ላይ መረጃ ይሰበስባል፣ አንዱ የሚከራከሩ ወገኖችን ያደራድራል፣ አንዱ የሽማግሌዎችን ቃል ያኖራል፣ ሌላው መርከቦችን በምልክታቸው ይከታተላል። ፕሮጀክቶች ሲበላሹ ብዙ ጊዜ ያየሁት መነሻ መሣሪያው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ አንዱን የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ስለሚያስገድዱት ነው።

ከመሣሪያው በፊት

በእኔ እምነት የመጀመሪያው መመዘኛ የስክሪኑ ማማር ሳይሆን፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ካርታው ከማን ጋር እንደሚቀር ነው። በካናዳ ያሉ የመጀመሪያዎቹ ሕዝቦች ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1998 በአራት መርሆዎች አስቀምጠውታል፤ ስለ እነርሱ የተሰበሰበው መረጃ ባለቤትነቱ የእነርሱ ይሁን፣ የሚቆጣጠሩት እነርሱ ይሁኑ፣ በፈለጉ ጊዜ ያግኙት፣ መረጃው የተቀመጠበት ዕቃም በእጃቸው ይሁን የሚሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡት ዓለም አቀፍ መርሆዎችም የጋራ ጥቅምን፣ የመወሰን ሥልጣንን፣ ኃላፊነትንና ሥነ ምግባርን መሠረት አድርገዋል። በእኛ አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሆኖም አዋጁ የሚጠብቀው የግለሰብን መረጃ ነው። አንድ ማኅበረሰብ በጋራ የሚያውቀው የዓሣ መራቢያ ወይም የጸበል ቦታ በግለሰብ መረጃ ስም ሊጠበቅ ስለማይችል፣ ጉዳዩን በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

ነገሩ ወረቀት ላይ ያለ ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በጣና የሚኖሩ ላቢዮባርበስ የተባሉ የዓሣ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያ ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ለመመናመናቸው ዋና ምክንያት ከሚባሉት አንዱ ነው። የወንዙን አፍ ሁሉም ያውቀዋል። ዓሣው ሽቅብ ወጥቶ እንቁላል የሚጥልበትን ጠጠራማ ቦታ በትክክል የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ያን ቦታ በነጥብ የሚያሳይ ካርታ ለጠባቂው ማስረጃ ሲሆን ለመረብ ዘርጊው ደግሞ አድራሻ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ካርታው ላይ ምን እንደማይወጣ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ የማይወጣው ነገር ዝርዝር ረጅም ከሆነ ግማሾቹ መሣሪያዎች ያን ጊዜውኑ ከምርጫ ይወጣሉ።

መረጃ ለመሰብሰብ፦ ኮማፔኦ ወይስ ኮቦ

ኮማፔኦ የተባለውን የስልክ መተግበሪያ የሚሠራው ቀድሞ ዲጂታል ዴሞክራሲ ይባል የነበረውና አሁን አዋና ዲጂታል የሚባለው ድርጅት ነው። ቀዳሚው ማፔኦ የተሠራው በኢኳዶር አማዞን ከሚኖሩት ዋኦራኒዎችና ከሌሎች ነባር ሕዝቦች ጋር በመመካከር ነበር፤ ዋኦራኒዎች እ.ኤ.አ. በ2019 መሬታቸው ለነዳጅ ፍለጋ ጨረታ እንዳይቀርብ ተሟግተው ሲረቱ፣ በትግላቸው ውስጥ ራሳቸው የሠሩት የግዛታቸው ካርታ ጉልህ ቦታ ነበረው። የመሣሪያው ዋና ባሕርይ መረጃ የሚከማችበት ማእከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨር) የግድ አለመፈለጉ ነው። አካውንት መክፈት አያስፈልግም፤ መረጃው በየአባላቱ ስልክ ይቀመጣል፤ ስልኮቹ በአንድ ዋይፋይ ሥር ሲገናኙ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም እንኳ፣ እርስ በርሳቸው ሲንክ ያደርጋሉ፣ ማለትም አንዱ የያዘውን መረጃ ለሌላው ያካፍላል። መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽ ራውተር ጠረጴዛው መካከል ብታስቀምጡ፣ የአንዱ ቴክኖ ስልክ የያዘው ፎቶና ነጥብ ወደ ሌሎቹ ሲሻገር ታያላችሁ፤ ለዚህ የካርድ ሒሳብም ፓኬጅም አያስፈልግም። አንድ ስልክ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሲንክ የተደረገው ሁሉ በሌሎቹ ላይ አለ። ሲንክ ሳይደረግ የወደቀው ግን ሄደ ማለት ነው፤ ከታንኳ በወረዱ ቁጥር ሲንክ ማድረግን ደንብ ማድረግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሌላው ጥሩ ጎኑ የሚመዘገቡትን ነገሮች በራስ ስምና ምስል ማዘጋጀት መቻሉ ነው። “የተቀደደ መረብ”፣ “እንቦጭ”፣ “የተከለከለ ቦታ ላይ የተገኘ ጀልባ” የሚሉ ምልክቶችን ሥዕል ሰጥታችሁ ብታስገቡ፣ ማንበብ የማይወድ ወይም የማይችል አስጋሪ በምስሉ ለይቶ ይጫናል። ደካማ ጎኑ ቁጥር ላይ ነው። የዓሣውን ርዝመት፣ ክብደት፣ የመረቡን ዓይን ስፋትና ዋጋውን በቅደም ተከተል ጠይቆ የተሳሳተውን የሚያርም ጥብቅ ፎርም ከፈለጋችሁ ኮማፔኦ አይበቃችሁም።

እዚያ ላይ ኮቦ ቱልቦክስ ይበልጣል። ኮቦ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ ጉዳዮች ተቋም የወጣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የእርዳታና የምርምር ሥራ ውስጥ ብዙ ሰው የለመደው መሣሪያ ነው፤ ይህ ልማድ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም ሲበላሽ የሚያስተካክል ሰው አይታጣም። ፎርሙን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አዘጋጅቶ አንዱን ከሌላው መቀያየር ይቻላል፤ ያለ ኢንተርኔት ተሞልቶ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል፤ ነጥብ፣ መስመርና ስፋት ያለው ቦታ ሁሉ ይመዘግባል። ነጻው አገልግሎት ገደብ ስላለው ብዙ ፎቶ ለመላክ ያሰበ ሰው ገደቡን አስቀድሞ ማየት አለበት። መረጃው የሚሄደው ወደ ሩቅ ሰርቨር መሆኑንና የአካውንቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ሁሉንም የሚያይ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በተግባር ያ ሰው ብዙ ጊዜ የፕሮጀክቱ ባለሙያ እንጂ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አይደለም፤ ባለሙያው ሥራ ሲቀይር የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

ሁለቱም በስልኩ ጂፒኤስ ላይ ስለሚመኩ አንድ የጋራ ችግር አላቸው። በሰበታ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ቆማችሁ ነጥብ ለመውሰድ ብትሞክሩ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የስሕተት ክልል ሠላሳ ምናምን ሜትር ላይ ይቆይና አልወርድ ይላል፤ አሥር እርምጃ ወደ ገላጣው ብትሄዱ በደቂቃ ውስጥ ወደ አምስት ሜትር ይጠጋል። ሐይቅ ላይ ሰማዩ ክፍት በመሆኑ ይህ ችግር የለም፤ በምትኩ ታንኳው ስለሚንሳፈፍ፣ ቁጥሩ እስኪወርድ ስትጠብቁ የቆማችሁበት ቦታ ራሱ ይሸሻል። መቅዘፊያውን የያዘውን ሰው ነጥቡ እስኪመዘገብ ታንኳውን እንዲያቆም መንገር ከየትኛውም ውድ ስልክ ይበልጣል።

በአማርኛ ለሚጽፉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የቦታ ስም በነጻ እንዲጻፍ ከተተወ አንዱ “ጸበል” ሲል ሌላው “ፀበል” ይላል፣ አንዱ “ሐይቅ” ሲል ሌላው “ሀይቅ” ይላል፤ ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ተለያዩ ቃላት ስለሚቆጥራቸው ፍለጋውም ቆጠራውም ይበተናል። የቦታ ስሞችን አስቀድሞ በዝርዝር አስገብቶ ማስመረጥ ይሻላል። ይህ በኮቦ በጣም ቀላል ነው።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል መለያዬ ጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄውን ባለሙያ አዘጋጅቶ አስጋሪው የሚመልስ ከሆነ ኮቦ ይሁን። አስጋሪው ራሱ ያየውን፣ መመዝገብ ይገባዋል ያለውን የሚመዘግብ ከሆነ፣ እና መረጃው በማኅበሩ ስልኮች ላይ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ኮማፔኦ ይሁን። ነባር ሕዝቦች በሚመሩት ጥበቃ ውስጥ ሁለተኛው “ራሳቸው የሚመሩት” ወደሚለው ቃል ፍሬ ነገር የቀረበ ይመስለኛል።

ድርድር ላይ ለመቀመጥ፦ ሲስኬች

ሲስኬች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የባሕር ሳይንስ ተቋም ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ ከላይ ካሉት ፈጽሞ የተለየ ሥራ አለው። ተሳታፊው በድረ ገጹ ካርታ ላይ “ይህ ቦታ ይከለል” ብሎ መስመር ሲያሰምር፣ መሣሪያው የተከለለው ቦታ ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ምን ያህል የኮራል ወይም የሣር መኖሪያ እንደያዘ፣ ከአስጋሪዎች የሥራ ቦታ ምን ያህል እንደሚወስድ ወዲያው አስልቶ ያሳያል። ሌላው ወገን የራሱን መስመር ያሰምራል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። በባርቡዳ ደሴት አስጋሪዎችና ነዋሪዎች የተሳተፉበት እንዲህ ያለ ዝግጅት ከተደረገ በኋላ፣ የደሴቷ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ከጠረፍ ውኃው 33 በመቶ የሚሆነውን የሚከልል ደንብ አውጥቷል። በካናዳም የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛትና የጠረፉ ነባር ሕዝቦች በጋራ ባዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቀው የባሕር ዕቅድ ሥራ ላይ አገልግሏል።

የሲስኬች ኃይል ግን የሚመነጨው ከተጫነለት መረጃ ነው። የጥልቀት ካርታ፣ የመኖሪያ ዓይነቶች ካርታ፣ የአስጋሪዎች የሥራ ቦታ ጥናት ከሌለ ባዶ ሰሌዳ ነው፤ እነዚህን አሰናድቶ ስሌቱን የሚያዋቅር ባለሙያ ይፈልጋል፤ የማያቋርጥ ኢንተርኔትም ያሻዋል። ስለዚህ ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከሌላ ተጠቃሚ ጋር ስለ ወሰን የሚደራደር መድረክ እውነት ከተከፈተ ይጠቅማል፣ ካልተከፈተ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ደግሞም ጥበቃ ሁሉ በድርድር አይጀምርም፤ በዚያው በካናዳ ጠረፍ የኪታሱ ሃይሃይስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የኪታሱ ወሽመጥን በራሱ ሥልጣን የተጠበቀ የባሕር ክልል ብሎ አውጇል።

ቃልና ልማድ ለማኖር

ቴራስቶሪስ የተሠራው የአማዞን ጥበቃ ቡድን የተባለው ድርጅት በሱሪናም ከሚኖሩት ማታዋዮች ጋር ባደረገው ሥራ ነው። ካርታው ላይ ያለውን ነጥብ ስትጫኑ የሽማግሌው ድምፅ ወይም ቪዲዮ ይከፈታል፤ ለሁሉም የማይገባውን ታሪክ ለተፈቀደላቸው ብቻ መክፈት ይቻላል፤ ከኢንተርኔት ውጪ በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በመንደሩ ውስጥ ብቻ መሥራት ይችላል። የዝዋይ ደሴቶች የቦታ ስሞችና ትረካዎች ከነድምፃቸው እንዲቀሩ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አጫጫኑ ግን ኮምፒውተር በደንብ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለ ሰው በአጠገባችሁ ከሌለ ድምፁን በሥርዓት ቀድታችሁ፣ የተቀዳበትን ቦታ መዝግባችሁ አቆዩት፤ ካርታው በኋላ ይደርሳል።

ሲኩ ደግሞ በሃድሰን ወሽመጥ በሳኒኪሉዋክ ከተመሠረተ የአርክቲክ ማኅበር የወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ የቀረበ የኢኑዊት አዳኞች መተግበሪያ ነው። አደገኛ በረዶን በራሳቸው ቋንቋ ስም ይመዘግቡበታል፣ ከሳተላይት ምስል ጋር ያያይዙታል፣ ማን ምን እንደሚያይም ራሳቸው ይወስናሉ። እኛ ጋ አይሠራም፤ በረዶ የለንም። ነገር ግን ፎርም ለሚያዘጋጅ ሰው ማየቱ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ከእርሱ የምንማረው ምድቦችን ከሳይንሱ መጽሐፍ ሳይሆን በውኃው ላይ ከሚውለው ሰው አፍ መጀመር እንደሚቻል ነው።

ካርቶንና ክር

ኮምፒውተር የማይፈልገውን አማራጭ መዝለል ከባድ ስሕተት ነው። ካርቶን በከፍታ መስመሮች ተቆርጦ እየተደራረበ የአካባቢው ገጽታ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ሞዴል ተማሪዎች ይሠሩታል፣ ሽማግሌዎችና እናቶች ደግሞ በስፒል ነጥብ፣ በክር ወንዝና መንገድ፣ በቀለም ደንና እርሻ ያስቀምጡበታል። ከሰበታ በላይ በሚታየው በወጨጫ ተራራ በኩል፣ የተሌቾ ነዋሪዎች በ2003 ዓ.ም. ሜልካ ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር እንዲህ ያለ ሞዴል ሠርተዋል። በፊጂ ኦቫላው ደሴት እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ መንገድ የተሠራው ሞዴል ከምድሩ አልፎ ባሕሩንም ያካተተ ነበር። ሽማግሌ ስልክ ይዞ እንዲያመለክት ስትጠይቁትና ሞዴሉ ዙሪያ ቆሞ ከእኩዮቹ ጋር እንዲከራከር ስትተዉት የምታገኙት ዕውቀት አይመጣጠንም፤ ክርክሩ ራሱ መረጃ ነው። ሞዴሉ ፎቶ ተነሥቶ ኪው ጂ አይ ኤስ በተባለው የኮምፒውተር ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ወደ ዲጂታል ካርታ ይገለበጣል። ጉዳቱ ቦታ መያዙና እርጥበት አለመውደዱ ነው፤ የቀበሌ ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ ጥግ ሳይፈቀድላችሁ አትጀምሩ።

ቶሎ የሚታለፉት

ግሎባል ፊሺንግ ዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ፣ መርከቦች ያሉበትን ቦታ ለማሳወቅ የሚለቁትን የኤ አይ ኤስ ምልክት በዋናነት ተከትሎ የዓሣ ማስገር እንቅስቃሴን በነጻ የሚያሳይ ካርታ ነው። የውቅያኖስ ጠረፍ ላላቸው ማኅበረሰቦች ትልልቅ መርከቦች ወደ ውኃቸው መግባታቸውን ለማየት ይረዳል፤ ሆኖም ምልክት ሰጪ መሣሪያውን ያጠፋ መርከብ ወይም ከመጀመሪያውም ያልጫነ ትንሽ ጀልባ በዚህ ምልክት አይታይም። ለሐይቅ አይሆንም።

ማንም ሰው የሚያርመው የጋራ ካርታ የሆነው ኦፕን ስትሪት ማፕ መንገድ፣ ወደብ፣ ጤና ጣቢያና ወንዝ ለማስገባት ግሩም ነው፤ ነገር ግን የገባው ሁሉ የሁሉም ነው፣ የተሰረዘውም በታሪክ መዝገቡ ውስጥ ይቀራል። መራቢያ ቦታም ሆነ ጸበል እዚያ አታስገቡ። ከእርሱ ላይ የሚሠራው ዩማፕ ለስብሰባ የሚሆን ቀላል የማሳያ ካርታ በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣላችኋል።

ጎግል ማይ ማፕስን ብዙ ሰው የሚጀምረው ስለሚያውቀው ነው። እስከ አሥር ንብርብርና በየንብርብሩ እስከ 2,000 ነገር ይይዛል፤ ያለ ኢንተርኔት አይሆንም፤ የአንድሮይድ መተግበሪያው እ.ኤ.አ. በ2021 ስለተቋረጠ ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው በስልኩ ብሮውዘር መታገል አለበት።

አብረው ሲሠሩ

ከሰበታ ተነሥቶ ዝዋይ ወይም ጣና ላይ ከአንድ የአስጋሪዎች ማኅበር ጋር ለሚሠራ ቡድን የምመክረው ቅንብር ይህ ነው። መጀመሪያ የታተመ የሳተላይት ምስል ወይም የካርቶን ሞዴል ዙሪያ ሽማግሌዎች ይሰብሰቡ፤ የሚወጣውና የማይወጣው እዚያው ይለይ። ቀጥሎ የዘወትር ክትትሉ በኮማፔኦ ይያዝ፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚደረገው የዓሣ ምርት ቆጠራ በኮቦ ይሁን። ሁሉም መረጃ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ባለ አንድ ላፕቶፕ ላይ በኪው ጂ አይ ኤስ ይቀመጥ፣ ቅጂውም በፍላሽ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሰጥ። ኪው ጂ አይ ኤስ ነጻ ነው፤ ለመልመድ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ከማኅበሩ ልጆች ቢያንስ ሁለቱን አሠልጥኑ፤ አንዱ ብቻ ከሠለጠነ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲገባ ካርታው አብሮት ይሄዳል። ለወረዳው የሚታየው በዩማፕ ወይም በወረቀት ይውጣ፤ በርካታ ውሳኔዎች አሁንም የሚወሰኑት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ፊት ስለሆነ ኤ ዜሮ በሚባለው ትልቅ ወረቀት ላይ ለሚደረግ ኅትመት በጀት መያዝ አትርሱ።

በማይ ማፕስ ጀምረው መውጣት ለሚፈልጉ ብዙ ችግር የለም። ካርታውን በኬ ኤም ኤል ፋይል አውርዳችሁ በኪው ጂ አይ ኤስ ክፈቱት፤ ነጥቦቹና ስሞቻቸው ይመጣሉ፤ ፎቶዎቹ ግን በሊንክ ብቻ ሊመጡ ስለሚችሉ ለየብቻ አውርዳችሁ ቁጥር ስጧቸው። ከኮቦ በሲ ኤስ ቪ ፋይል፣ ከኮማፔኦ በጂኦጄሰን ፋይል ማውጣት ይቻላል፤ ሦስቱንም ኪው ጂ አይ ኤስ ያነባል። የድሮውን ካርታ ከመሰረዛችሁ በፊት ማጋሪያ ሊንኩ ለማን ለማን እንደተላከ አጣሩ፤ ቀድሞ የወረደው ቅጂ በማን ስልክ ላይ እንዳለ የምታውቁት በዚያ ዝርዝር ብቻ ነው።